ከቀይ አፈር እስከ ስድስተኛው ክሮሞዞም

ዝናብ ካባራ በኋላ ከወላይታ ሶዶ ወጣ ብሎ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተራመደ ሰው ያንን አፈር አይረሳውም። ቀይ ነው፤ ይጣበቃል፤ አንዴ ጫማ ላይ ከወጣ አልወርድ ይላል። ከጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ ተፈርፍሮ የመጣ ስለሆነ ለም ነው። እንሰቱን፣ በቆሎውን፣ ጎደሬውንና ስኳር ድንቹን የሚያበቅለው እሱ ነው። ሕዝብ ተጠጋግቶ የሚኖርበትን ይህን አገር የሚመግበው አፈር ግን ለዓመታት በባዶ እግሩ የረገጠውን ሰው እግር ያሳብጣል።

በሽታው በሳይንስ ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ በአማርኛ ዝሆኔ እንለዋለን። ትንኝ ከምታስተላልፈው የትል ዝሆኔ ግን ይለያል። እዚህ ትንኝም ትልም የለም። ከአፈሩ ውስጥ እጅግ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳ ሰርገው ወደ ሊምፍ ቧንቧዎች ይገባሉ። ሰውነት ሲዋጋቸው ቧንቧዎቹ ይቆጣሉ፣ ይጠባሉ፤ ፈሳሹ መመለሻ ያጣና እግር ያብጣል። ይህን ያስተዋለው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ስሙንም እግርና አቧራ ከሚሉ የግሪክ ቃላት ያወጣለት እሱ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በወላይታ ዞን ከመቶ ሰው 5.46ቱ በሽታው እንዳለበት አሳየ። ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣው ደግሞ ዞኑ በዚህ በሽታ ምክንያት በየዓመቱ ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ እንደሚያጣ አሰላ፤ ታማሚው ሊሠራባቸው ከሚችላቸው ቀናት ወደ ግማሽ የሚጠጉት ይባክናሉ።

ይህ ምዕራፍ ስለ ሥራ ነው። በዩኒቨርሲቲና በምርምር ተቋም ውስጥ በሞለኪውላር ባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ተቀጥሮ መሥራት ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ተነስቼ ከአፈር የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ሙያ ሥራው የሚጀምረው ከመሣሪያው ሳይሆን ከጥያቄው ነው። የወላይታው ጥያቄ ደግሞ ማንኛውም ገበሬ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሊጠይቀው የሚችል ነው፤ ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ማሳ ላይ፣ አንድ ዓይነት አፈር ውስጥ፣ ሁለቱም ባዶ እግራቸውን ሲያርሱ ኖረው አንደኛው ለምን ታመመ፣ ሌላኛው ለምን ዳነ?

ገበሬው ለዚህ ጥያቄ ባዳ አይደለም። እንሰት አጠውልግ የተባለው የባክቴሪያ በሽታ ጓሮ ሲገባ ሁሉም እንሰት እኩል አይሞትም። ወላይታ ውስጥ እንሰት በየዓይነቱ ስም አለው። ከእነዚህ መካከል ማዚያ የሚባለው ዓይነት ሌላው ሲጠወልግ የተሻለ ይቋቋማል፤ ተመራማሪዎችም ፈትነው ይህንኑ አግኝተዋል። አንድ ጓሮ፣ አንድ በሽታ፣ አንዱ ዓይነት ወድቆ ሌላው ይቆማል። ልዩነቱ ተክሉ ከእናቱ ግንድ ይዞት በመጣው ነገር ውስጥ ነው። ይህን የሚያውቅ ገበሬ ዘረመል የሚለውን ቃል ሰምቶ ባያውቅም ሐሳቡን ያውቀዋል።

በሰው ላይም ፍንጩ የመጣው ከቤተሰብ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. በወላይታ 59 ቤተሰቦችን ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ የታማሚ ወንድም ወይም እህት በዚህ በሽታ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ እንደሚሆን ጻፉ። ሰዎች ለበሽታው ያላቸው ተጋላጭነት ከሚለያይበት ምክንያት 63 በመቶው በዘር የሚወረስ ነው ብለው ገመቱ። ግምት ግን ዘረመሉን ነቅሶ አያሳይም። ነቅሶ ለማሳየት ዲኤንኤ ያስፈልጋል፤ ለዲኤንኤ ደግሞ ሰው መጠየቅ አለበት።

የዚህ ሙያ የመጀመሪያው ሠራተኛ እዚህ ላይ ይመጣል፤ ነጭ ጋውን አልለበሰም። ቦርሳ አንግቶ፣ የስምምነት ቅጽ ይዞ፣ ወላይትኛ እየተናገረ ከቤት ቤት የሚሄድ የመስክ ሠራተኛ ነው። ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ላይ «መረጃ ሰብሳቢ» ተብሎ ይጻፋል፤ ለጥቂት ሳምንታት በውሎ አበል ይቀጠራል። እኔ ግን ከጠቅላላው ሥራ ከባዱን የተሸከመው እሱ ነው እላለሁ። እስቲ እናስብ፦ በሩ ላይ ቆመህ ለአንዲት እናት «ምራቅዎን እንፈልጋለን፤ ከምራቅዎ ውስጥ ከወላጆችዎ የወረሱትን ነገር እናያለን፤ ለእርስዎ መድኃኒት አይሰጥም፤ ውጤቱ ምናልባት ለልጅ ልጆችዎ ይጠቅም ይሆናል፤ እምቢ ማለትም ይችላሉ» ብለህ በቅንነት ማስረዳት አለብህ። አንዷንም ዐረፍተ ነገር መዝለል አይቻልም። መድኃኒት አለ ብሎ ማስመሰል ውሸት ነው። እምቢ ማለት ይቻላል የሚለውን መደበቅም ጥቃት ነው።

ከዚህ በላይ ደግሞ መገለል አለ። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲው የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ አበባየሁ ቶራ ከባልደረቦቹ ጋር በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ታማሚዎች በጋብቻ፣ በማኅበራዊ ኑሮና በየዕለቱ ግንኙነት የሚደርስባቸውን መራቅ ዘግቧል። በሽታው በዘር ይሄዳል ተብሎ የታማሚ ቤት ልጅ ለትዳር ሲሸሽ በኖረበት አገር «የዘር ጥናት» ይዞ መምጣት እሳት ላይ ጭራሮ መጨመር ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎቹ ይህን ስለተረዱ ናሙና ከመሰብሰባቸው በፊት ስለ ስምምነቱ ራሱ ጥናት አካሄዱ፤ በ2009 እ.ኤ.አ. በሁለት ጽሑፎች አወጡት። ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ማኅበረሰቡን ጠይቀው የተገነዘቡት ነገር ግልጽ ነበር። መልእክቱን የሚያደርሰው ሰው ማን እንደሆነ ከመልእክቱ እኩል ይመዝናል። በታማሚዎች ዘንድ አስቀድሞ አመኔታ ያገኘ ሰው ሲያስረዳ ይሰማል።

ያ አመኔታ ወላይታ ውስጥ አስቀድሞ ተገንብቶ ነበር። ሞሲ ፉት በሚል ስም የሚታወቀው ማኅበር መቀመጫውን ሶዶ አድርጎ በዞኑ ውስጥ በየጣቢያው ታማሚዎችን እግር ማጠብ፣ መቀባትና ማሰር ያስተምራል። ከሠራተኞቹም ብዙዎቹ ራሳቸው በሽታውን የቀመሱ ናቸው። ሳይንሱ የቆመው በእነሱ ትከሻ ላይ ነው። በኋላ የምናየውን የዘረመል ጥናት የሚያነብ የውጭ አገር ምሁር «194 ታማሚዎች» የሚለውን ቁጥር ሲያይ ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን የቡና ሰዓት ውይይት አያይም።

አሁን ወደ ቤተ ሙከራው እንግባ። ምራቅም ይሁን ደም፣ ናሙናው ሲደርስ ስም የለውም፤ ኮድ ብቻ ነው። ከናሙናው ዲኤንኤ የማውጣት ሥራ በመርህ ደረጃ ከልብስ እጥበት ብዙ አይርቅም። የሕዋስ ሽፋን በአብዛኛው ከስብ የተሠራ ስለሆነ ሳሙና መሰል ነገር ያፈርሰዋል። ፕሮቲኑን የሚበላ ኢንዛይም ይጨመራል። በመጨረሻም ቀዝቃዛ አልኮል ሲፈስበት ዲኤንኤው እንደ ነጭ ክር ተጠቅልሎ ይወጣል። መጀመሪያ ያየ ተማሪ ትንፋሹን ይይዛል። በመቶኛው ናሙና ላይ ግን የሚያስፈልገው መደነቅ ሳይሆን ጥንቃቄ ነው። የአንዱ ቱቦ ክዳን ወደ ሌላው ቢሄድ፣ 47 ቁጥር 74 ተብሎ ቢጻፍ፣ ታማሚው ጤነኛ ጤነኛው ታማሚ ሆኖ ይቀራል። ያንን ስህተት ከዚያ በኋላ የሚያርመው ኮምፒዩተር የለም። ስለዚህ ጎበዝ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ማለት መጀመሪያ በንጹሕ የሚጽፍ ሰው ነው።

ቀጥሎ ፒሲአር አለ። ኮቪድ የመጣ ጊዜ ቃሉ በየቤቱ ገባ፤ ሥራው ግን ብዙ አልተብራራም። አሜሪካዊው ካሪ ሙሊስ በ1983 እ.ኤ.አ. ያሰበው፣ በ1993 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመበት ዘዴ ነው። የዲኤንኤው ድርብ ክር በ95 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይላቀቃል፤ ሙቀቱ ሲወርድ የምንፈልገውን ቦታ የሚያውቁ አጫጭር ክሮች ይጣበቃሉ፤ በ72 ዲግሪ ኢንዛይሙ የጎደለውን ይሞላል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናል። ሠላሳ ጊዜ ሲደገም ከአንድ ቢሊዮን በላይ ቅጂ ይገኛል። ያንን ሙቀት የሚችለው ኢንዛይም የተገኘው በአሜሪካ የሎውስቶን ፍል ውሃ ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ነው።

አንድን ነገር ቢሊዮን ጊዜ የሚያባዛ መሣሪያ ስህተትንም ቢሊዮን ጊዜ ያባዛል። ከትናንቱ ሥራ የተረፈች፣ በጓንት ጫፍ የመጣች አንዲት ቅንጣት ዲኤንኤ የዛሬውን ውጤት ታበላሻለች። ስለዚህ ድብልቁ የሚዘጋጅበት ክፍልና የተባዛው ዲኤንኤ የሚከፈትበት ክፍል ይለያያሉ፤ ጋውኑና ፒፔቱም ለየብቻ ነው። በየዙሩ ውሃ ብቻ ያለበት ቱቦ አብሮ ይገባል። ያ ቱቦ ባዶ ሆኖ ካልወጣ የቀኑ ሥራ በሙሉ ይጣላል። ፒፔት የሚይዝ እጅ የሚለካው በማይክሮሊትር ነው፤ አንድ ማይክሮሊትር የሚሊሊትር አንድ ሺህኛ ነው። ይህን እጅ ማሠልጠን ወራት ይፈጃል፤ በመጽሐፍ አይገኝም።

ከዚያ ደግሞ ማስታወቂያው ላይ የማይጻፈው ሥራ ይመጣል። ኢንዛይሙ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ፣ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠው ናሙና ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ማን ጄነሬተሩን ያስነሳል? ሌሊት ቢሆንስ? ሪኤጀንቱ ከውጭ ይገዛል፤ የውጭ ምንዛሪ ይጠብቃል፤ ጉምሩክ ላይ በረዶው እየቀለጠ የሚቆምበት ጊዜ አለ። አዲስ አበባ ደርሶም ሶዶ ለመድረስ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያለፈ መንገድ ይቀረዋል። እኔ ስለ ምርምር አቅም ሲወራ በሰማሁ ቁጥር ስለ ማሽኑ ሞዴል ብዙ ይባላል፤ ስለ ፍሪዘሩ ጠባቂ ግን ምንም ሲባል አልሰማም። ማሽን በእርዳታ ይመጣል። ማሽኑ ሲቆም ከፍቶ የሚጠግነው ቴክኒሻን ግን በእርዳታ አይመጣም፤ ተቀጥሮ፣ ደመወዝ ተከፍሎት፣ ለዓመታት አንድ ቦታ መቆየት አለበት።

በ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የሆነውን እናስታውስ። በኮቪድ የተጠረጠሩ ሰዎች የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች ለምርመራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልከው ነበር። በሳምንታት ውስጥ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ምርመራውን በአዲስ አበባ ጀመረ፤ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ ሲገለጽ ምርመራው አገር ውስጥ ነበር። ከዚያ በኋላ የዩኒቨርሲቲዎች ቤተ ሙከራዎች ተራ በተራ ገቡበት። ያን ጊዜ ያለው ጥቂት መሣሪያ ሊሠራ የቻለው የሠለጠኑ እጆች ስለነበሩ ነው። ዛሬም በአገራችን ሆስፒታሎች ሳንባ ነቀርሳን በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚለየው ጂን ኤክስፐርት ውስጡ ፒሲአር ነው። ሙያው ለጆርናል ጽሑፍ ብቻ አይደለም፤ የሚያስለው አባት ዛሬ ማታ መድኃኒት ይጀምር አይጀምር የሚለውንም ይወስናል።

የወላይታው ጥናት ውጤት በ2012 እ.ኤ.አ. በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ታተመ። በዓለም የሕክምና ጆርናሎች ውስጥ ከዚህ በላይ የሚከበር ጥቂት ነው። የመጀመሪያው ጸሐፊ ፋሲል ተኮላ አየለ ነው። ከእሱ ጋር በአዲስ አበባ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ በእንግሊዝ የብራይተንና ሰሴክስ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ በአሜሪካም የብሔራዊ ጤና ተቋማት ተመራማሪዎች ነበሩ። አርማወር ሐንሰን በ1970 እ.ኤ.አ. የሥጋ ደዌን ለማጥናት የተቋቋመ፣ የደዌውን ባክቴሪያ ባገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ስም የተሰየመ ተቋም ነው።

ጥናቱ ያደረገው ይህን ነው። ከ194 ታማሚዎችና በዚያው አፈር ላይ ኖረው ካልታመሙ 203 ሰዎች በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የዲኤንኤ ነጥቦችን አነበበ፤ በታማሚዎቹ ላይ በርክቶ የሚገኘው ነጥብ የቱ ነው ብሎ ጠየቀ። መቶ ሺህ ጊዜ ሲጠየቅ በአጋጣሚ ብቻ «አዎ» የሚል መልስ በብዛት ይመጣል። ስለዚህ በዚህ ሙያ አንድ ነጥብ የሚታመነው በአጋጣሚ የመገኘት ዕድሉ ከመቶ ሚሊዮን ከአምስት ሲያንስ ነው። ያንን ወንፊት ያለፈው ነጥብ ስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ፣ ኤችኤልኤ በተባለው ሰፈር ተገኘ። ተመራማሪዎቹ በዚያ አላበቁም፤ 202 ታማሚዎችን ከእናትና ከአባታቸው ጋር መርምረው ውጤቱን አረጋገጡ።

ኤችኤልኤ የሰውነት ዘብ መታወቂያ ማያ ነው። ሕዋሶቻችን ያገኙትን ቁራሽ በእሱ ላይ አስቀምጠው «ይህ የእኛ ነው ወይስ ባዕድ?» ብለው ለነጭ የደም ሕዋሳት ያሳያሉ። በጥናቱ መሠረት ከሦስት የኤችኤልኤ ዓይነቶች አንዱን የወረሱ ሰዎች የመታመም ዕድላቸው ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። የእነሱ ዘብ አፈሩን ሲያይ የበለጠ ይቆጣል ማለት ሊሆን ይችላል። የማሳው ጥያቄ መልስ በከፊል ይኸው ነው። በከፊል የምለው፣ ዘረመሉ ያለበት ሰው ጫማ ከለበሰና እግሩን ከታጠበ በሽታው መግቢያ ስለሌለው ነው። ለዚያች እናት መድረስ ያለበት መልእክትም ይህ ነው፤ ልጅሽ የወረሰው ዕጣ አይደለም፤ ጫማ አልብሺው።

ከዚህ ሰንሰለት ውስጥ ዛሬውኑ ሶዶ ላይ ሊሠራ የሚችለው የትኛው ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ስሌቱ ነው እላለሁ። የተነበበ ዲኤንኤ የቁጥር ሰነድ ነው፤ ቀዝቃዛ ሰንሰለት አይፈልግም፤ ጉምሩክ አያልፍም። የሚፈልገው ኮምፒዩተር፣ ኢንተርኔት፣ ስታቲስቲክስ የሚያውቅና ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ነው። ባዮሎጂ ተምሮ ከቁጥር የሚሸሽ ተማሪ ከዚህ ሙያ ግማሹን በገዛ እጁ እየዘጋ ነው።

ቅጥሩን በተመለከተ እውነቱን መናገር ይገባል። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በሩን የከፈተው በ1999 ዓ.ም. ነው። እንደ ሌሎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች መሰላሉ ከረዳት ምሩቅ ተነስቶ በሌክቸረር፣ በረዳት ፕሮፌሰርና በተባባሪ ፕሮፌሰር አልፎ ፕሮፌሰር ላይ ይደርሳል። ይህ መሰላል በመጀመሪያ ለማስተማር የተሠራ ነው፤ ምርምሩ ከማስተማር በተረፈ ሰዓት ይሠራል። ሙሉ ጊዜውን ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚያሳልፈው ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀጠረው በፕሮጀክት ነው። ገንዘቡ ከውጭ ይመጣል፤ ሦስት ወይም አምስት ዓመት ይቆያል፤ ሲያልቅ ሠራተኛው ይበተናል። ፒፔት የለመደው እጅ ወደ ግል ክሊኒክ፣ ወደ መድኃኒት አስመጪ፣ ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። የሚቀጥለው ፕሮጀክት እንደገና ከዜሮ ያሠለጥናል። እኔ ይህን ብክነት ከመብራት መጥፋት በላይ ጎጂ አድርጌ አየዋለሁ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለላቦራቶሪ ባለሙያ ከፕሮጀክት የማይጠበቅ ቋሚ መደብና የዕድገት መሰላል ማበጀት አለባቸው፤ በታተመው ጽሑፍ ላይም ናሙናውን የሠራው እጅ ስሙ ይጻፍ።

ችግሩ ይህ ቢሆንም ምርምሩ አልቆመም። በ2018 እ.ኤ.አ. በላንሴት ግሎባል ሄልዝ የታተመ ጥናት በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎችን ተከታትሎ፣ እግር ማጠብ፣ መቀባት፣ ማሰርና ጫማ ማድረግ ትኩሳትና ሕመም የሚያመጣውን የበሽታውን መቀስቀስ እንደሚቀንስ አሳየ። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቴዎድሮስ ገብረሥላሴ የመጀመሪያ ጸሐፊ የሆነበት ጥናት ያው የስድስተኛው ክሮሞዞም ሰፈር በወላይታ ብቻ ሳይሆን በአማራና በኦሮሞ ታማሚዎች ላይም መገኘቱን አረጋገጠ።

ይህን ምዕራፍ ሶዶ፣ ቦዲቲ ወይም አረካ ላይ ሆናችሁ የምታነቡ ተማሪዎች፦ ባዮሎጂ፣ ላቦራቶሪ ሳይንስ ወይም ባዮቴክኖሎጂ ከመረጣችሁ የምረቃ ቀናችሁን አትጠብቁ። ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ ወደ መምህራችሁ ሄዳችሁ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቱቦ ላይ ቁጥር መጻፍም ቢሆን ሥሩ። የሥራ ማስታወሻችሁን በቀን በቀኑ መዝግቡ፤ ያልሠራውን ሙከራም ጭምር። ስታቲስቲክስ ተማሩ። ወላይትኛችሁን ደግሞ አትጣሉት፤ በየደጃፉ ቆሞ ዘረመልን በማዚያ እንሰት ምሳሌ ለገበሬው ሊያስረዳ የሚችል ሳይንቲስት ከሌላ ቦታ ሊመጣልን አይችልም።